ጎንደር የተከራየሁት ቤት

ተወልጄ ያደግሁት ጎንደር ነው፤ ጎንደር ላይ ግን ቤት የለኝም። እናትና አባቴ ካረፉ በኋላ የወላጆቼ ቤት ተሸጠ። እኛ ልጆቹም ገሚሱ አዲስ አበባ፣ ገሚሱ ውጭ ተበትነናል። ዘንድሮ አክስቴን ለማሳከም ረዘም ላለ ጊዜ ስመጣ መጀመሪያ ያሳሰበኝ «የት ነው የማርፈው?» የሚለው ነበር። የዘመድ ቤት ሞልቷል። እናንተም ታውቁታላችሁ፣ ዘመድ «በሞቴ እኛ ጋ እረፊ» ይላል። ግን ወራት ለሚቆይ ሰው የዘመድን አልጋና ጓዳ መያዝ ከባድ ነው። ስለዚህ ቤት ተከራየሁ። በዚህ ሳምንት ልለቀው ነው። ከመልቀቄ በፊት ስለ ቤቱም፣ ስለተጠቀምኩባቸው አገልግሎቶችም ልጻፍ ብዬ ነው። ከውጭ ለመምጣት የምታስቡ ብዙ ናችሁና ይጠቅማችኋል።

ቤቱን እስካገኝ ሆቴል ነበርኩ። አንድ ሆቴል ውስጥ ፓስፖርቴን ሲያዩ ዋጋውን በዶላር ነገሩኝ። አጠገቤ የነበረው ሰውዬ ለዚያው ዓይነት ክፍል በብር ከፍሎ ቁልፉን ተቀበለ። ይህ ያስከፋል። በገዛ ቋንቋዬ እያናገርኳቸው፣ በተወለድኩበት ከተማ እንደ ባዕድ መቆጠሬ አሳዝኖኛል። በሌላው ሆቴል ግን ሠራተኞቹ ትሑታን፣ አልጋውም ንጹሕ ነበር። ለጥቂት ቀን የምትመጡ ከሆነ ሆቴል ይበቃችኋል። ጎሃ ሆቴል ባታድሩ እንኳ ማታ ማታ ወጥታችሁ ቡና ጠጡ። ከኮረብታው ላይ ከተማዋ ሁሉ ትታያለች።

ቤት ፍለጋ እንደ ሌላው ከተማ ሁሉ በደላላ ነው። ደላሎቹ ቀልጣፎች ናቸው፤ በአንድ ከሰዓት በኋላ ብዙ ቤት ያሳያሉ። የማልወደው ነገር ግን አለ። አንዱ ደላላ በር ከማንኳኳቱ በፊት ለአከራዩ ደውሎ «ከውጭ የመጣች ናት» ይላል። እኛ እስክንደርስ ኪራዩ ጨምሮ ይጠብቀናል። ስለዚህ መጀመሪያ እዚያው የሚኖር ዘመድ ይሂድና ቤቱን ይይ፤ ዋጋው ይነገረው። እናንተ ከዚያ በኋላ ሂዱ። እኔ ይህን ቤት ያገኘሁት በአጎቴ ልጅ በኩል ነው።

ሌላው የቅድሚያ ክፍያ ነው። የስድስት ወር፣ የዓመትም የሚጠይቅ አከራይ አጋጥሞኛል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ግን ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይላል። ውሉም በጽሑፍ እንዲሆን ያዛል። ይህን በትሕትና ማንሳት ነውር የለውም። እኔ የሁለት ወር ከፍዬ ገባሁ። ኪራዩንም በባንክ ስለምልክ ከአከራዬ ጋር በገንዘብ አንድ ቀን አልተነጋገርንም።

ቤቱ ከፒያሳ ወደ ፋሲል መዋኛ ሲወረድ ካለው ሰፈር ነው። ሁለት ክፍልና ኩሽና፣ ሰፊ ግቢ ውስጥ። ዕቃው የተሟላ ነው፦ አልጋ ከነፍራሹ፣ ፍሪጅ፣ የጋዝ ምድጃ፣ ጠረጴዛ። ወለሉ ሊሾ ሲሚንቶ ነው፤ ጠዋት ጠዋት እግር ያቀዘቅዛል። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች በጥርም በታኅሣሥም ሌሊቱ ይበርዳል። ብርድ ልብስ መግዛት ነበረብኝ። በረንዳው ግን ፀሐይ በጠዋት ያገኘዋል፤ ቁርሴን ሁሌም እዚያ ነው የበላሁት። ግቢው ውስጥ አንድ የዘይቱን ዛፍ አለ። አከራዬ ከፍሬው ሳያካፍሉኝ አይቀሩም ነበር።

ስለ ውሃው ረዘም አድርጌ ልናገር፤ ጎንደር ላይ ቤት ጥሩ ነው፣ መጥፎ ነው የሚባለው በውሃው ነውና። ለከተማዋ ውሃ የሚሰጠው የአንገረብ ግድብ በደለል እየተሞላ አቅሙ ቀንሷል። ከተማዋ ደግሞ በየአቅጣጫው ሰፍታለች። ለመስኖም ለከተማዋም ውሃ ይሆናል የተባለው የመገጭ ግድብ ብዙ ዓመት ፈጅቷል። ስለዚህ ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ወደኛ ሰፈር የሚመጣው ማታ ነው፤ ቀኑም እንደ ሁኔታው ይዛወራል። ቧንቧው ሲንሿሿ ግቢው በሙሉ ይነቃል። ሮቶ ይሞላል፣ በርሜል ይሞላል፣ ጀሪካን ይደረደራል። ከዚያ እስከ ቀጣዩ ፈረቃ ድረስ ያ ነው ያለው።

ቤት ስታዩ ስለ ሶፋውና ስለ መጋረጃው ከመጠየቃችሁ በፊት ሮቶው ስንት ሊትር እንደሆነ ጠይቁ። ለስንት ተከራይ እንደሚከፋፈልም ጠይቁ። ፓምፕ አለው ወይ? መታጠቢያ ቤቱ ከሮቶው ጋር ተያይዟል ወይስ በባልዲ ነው? አንድ ያየሁት ቤት ውብ ነበር፤ ሻወር፣ ነጭ ሸክላ፣ ትልቅ መስታወት። ቧንቧውን ስከፍት ግን አየር ብቻ ነው የወጣው። ውሃ የሚቀመጥበትም አልነበረም። የኔው ቤት ሻወር ደካማ ነው፤ ውሃ ግን አጥቼ አላውቅም። ፈረቃው ሲዘገይ በ20 ሊትር ጀሪካን እየሞሉ የሚያመጡ ልጆች አሉ። ያንን ተሸክሞ ዳገት መውጣት ቀላል ሥራ አይደለም። ዋጋ አትከራከሯቸው።

መብራቱ ከጠበቅሁት የተሻለ ነው። ይጠፋል፣ ግን ይመለሳል። ግቢው ውስጥ አንድ ቆጣሪ ለሦስት ቤተሰብ ስለሆነ ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከለኮሰ ብሬከሩ ይወርዳል። በዚህ ምክንያት እንጀራ የሚጋገረው በተራ ነው። እኔ አልጋገርኩም። ጎረቤቴ ስትጋግር የኔንም አብራ ትጋግርልኝ ነበር፤ ጤፉን ገዝቼ እሰጣታለሁ፣ ለድካሟም እከፍላታለሁ። ያን የመሰለ እንጀራ ውጭ አገር በልቼ አላውቅም። ለልብስ ደግሞ በሳምንት አንድ ቀን የምትመጣ ሴት ነበረች። ጨዋና ታማኝ ናት። የምትከፍሏትን ከቤቱ ሰው ጠይቁና በዚያ ላይ ጨምሩላት፤ የከተማው የተለመደ ክፍያ ለዚያ ልፋት ትንሽ ነው ብዬ አምናለሁ።

ትራንስፖርቱ ባጃጅ ነው። ለፒያሳ፣ ለአራዳ፣ ለማራኪ በመስመር የሚጫኑ አሉ፤ ርካሽ ናቸው። ኮንትራት ስትይዙ ግን ዋጋውን ሳትነጋገሩ አትግቡ። አክስቴ እግሯን ስለሚያማት እኔ አንድ ወጣት የባጃጅ ሹፌር ለምጄ ነበር፤ ስልክ ስደውል ይመጣል። አክስቴን «እማዬ» እያለ ክንዷን ይዞ ያወርዳታል፣ ያወጣታል። በወር ሒሳብ ብንስማማም ሐኪም ቤት አብሮን ሲቆይ የጠበቀበትን ጠይቆን አያውቅም። ከዚህ ጉዞ የአንድ ሰው አገልግሎት ብቻ አመስግኚ ብባል እሱን አመሰግናለሁ። ወደ አዘዞ ለመሄድ ሚኒባስ አለ።

ከከተማ መውጣት እንደ ድሮው አይደለም። ጎርጎራ ወርጄ ጣና ዳር ዓሣ ልበላ አስቤ ነበር፤ በመንገዱ ጸጥታ ምክንያት ቀረ። ስሜን ተራራም ቀረ። የመጣሁትም የምመለሰውም በአውሮፕላን ነው። መንገድ ከመጀመራችሁ በፊት በዚያው ሳምንት የተጓዘ ሰው ጠይቁ።

ገንዘብ ቀላል ሆኗል። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ባንክ መመንዘር ያዋጣል፤ በየጓሮው ሰው መፈለግ አያስፈልግም። ቴሌብር ከያዛችሁ ከባልትና ቤት እስከ ካፌ ትከፍላላችሁ። የአትክልት ገበያውና ባጃጁ ግን ዝርዝር ብር ይፈልጋሉ። ኢንተርኔቱ ቀን ቀን ለመልእክት ይበቃል። በቪዲዮ ለመነጋገር ሌሊት ይሻላል።

አሁን ወደመጣሁበት ጉዳይ ልሂድ። አክስቴ የዓይን ሞራ ነበረባት። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ1947 ዓ.ም. በጤና ኮሌጅነት የተጀመረ ነው፤ ሆስፒታሉ የዓይን ሕክምናውን ለብቻው በትልቅ ማዕከል ይሰጣል። እዚያ ነው ያሳከምኳት። ተራው ረጅም ነው፤ ከመተማም ከደባርቅም የመጣ ታካሚ አብሮን ተቀምጧል። ጠዋት በጊዜ መድረስ ግድ ነው። ሐኪሞቹ ግን አክስቴን ቁጭ አድርገው፣ ምን እንደሚያደርጉላት በሚገባት ቋንቋ አስረዷት። ፋሻው የተነሳ ዕለት «ያ ያንቺ ፊት ነው?» አለችኝና አገላብጣ ሳመችኝ። ለዚህ የምሰጠው ነጥብ የለም። እግዜር ይስጣቸው።

ማታ ማታ በፋሲል ግቢ ዙሪያ እንሄድ ነበር። ያደግሁት ያንን ቅጥር እያየሁ ነው፤ ዘንድሮ ግን ሌላ ነገር አሳሰበኝ። ከፋሲለደስ በፊት የነበሩት ነገሥታት ብዙውን ጊዜ የሚኖሩት በድንኳን ነበር። ሠራዊቱን ይዘው ከአንዱ አገር ወደ ሌላው ይሰፍራሉ፣ ይነቅላሉ። ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. ገደማ ጎንደርን መቀመጫው አደረገና በድንጋይና በኖራ ሠራ። ልጁ ዮሐንስ ግን በአባቱ ቤት ብቻ አልተወሰነም፤ የራሱን ጨመረ። ኢያሱም የራሱን፣ ዳዊትም የራሱን፣ በካፋም የራሱን፣ ምንትዋብም የራሷን ሠራች። ስለዚህ ነው በአንድ ቅጥር ውስጥ ያን ያህል ቤት የቆመው። የወላጆቼ ቤት ሲሸጥ ያለቀስኩትን አስታወስኩ። በዚያ ቤት ዛሬ ሌላ ቤተሰብ ይኖራል፤ በሩ ላይ ቆሜ ልጆቻቸው ሲጫወቱ አይቻለሁ። ሳልፍ ልቤን ያመኝ ነበር። የተከራየሁት ቤት ያንን ሕመም አላጠፋውም፤ ግን ቁልፍ ሰጥቶኛል። ከሐኪም ቤት ተመልሼ በሬን ከፍቼ ስገባ ጎንደር ላይ እንግዳ አልነበርኩም። እንግዳ የሚሆንብኝ ሰው መጥቶ ቡና አፍልቼ የማስተናግደው እኔ ነበርኩ። ሆቴል ይህን አይሰጥም። የዘመድ ቤትም፣ ምንም ፍቅር ቢኖር፣ አይሰጥም።

አከራዬን «እትዬ» ነው የምላቸው። መጀመሪያ ቆጠብ ያሉ ናቸው፤ ከውጭ የመጣ ሰው ጩኸትና ድግስ ያበዛል ብለው ፈርተው ኖሯል። አክስቴ ዓይኗን የታከመች ዕለት አጥሚት ይዘው መጡ። ከዚያ ወዲህ ቡና ያለኔ አልጠጡም። በከተራ ዕለት ታቦታቱ ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ሲወርዱ ከሳቸው ጋር ከደጃችን ብዙም ሳንርቅ ቆመን አሳልፈናል። የጥምቀት በዓል በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ ከተመዘገበ ወዲህ ሰዉ ይበልጥ መጥቷል ይሉኛል እትዬ። ለጥምቀት ብቻ የምትመጡ ከሆነ አልጋም ቤትም አስቀድማችሁ ያዙ፤ በዚያ ሳምንት ዋጋው ሌላ ነው።

ልለቅ ስዘጋጅ የገዛሁትን ዕቃ አከፋፈልኩ። ብርድ ልብሱን ለአክስቴ፣ ጀሪካኖቹንና ባልዲዎቹን ለጎረቤቴ፣ የከሰል ምድጃውን ልብስ ለምታጥብልኝ ሴት። ማስያዣ ያስያዝኩት ገንዘብ ሳይጎድል ተመለሰልኝ። እትዬ በርበሬና ሽሮ አስፈጭተው በሁለት ላስቲክ አሽገው ሰጡኝ።

ትናንት አዲሷ ተከራይ ቤቱን ልታይ መጣች። ዩኒቨርሲቲው የቀጠራት ወጣት ሐኪም ናት፤ ከወላይታ የመጣች። እትዬ «አንቺው አሳያት፣ ከኔ የተሻለ ታውቂዋለሽ» አሉኝ። አሳየኋት። ሻወሩ ደካማ እንደሆነ አልደበቅኋትም። የሮቶውን መክፈቻ፣ ብሬከሩ ያለበትን ግድግዳ፣ የበረንዳውን የጠዋት ፀሐይ ሁሉ አሳየኋት። የባጃጁን ልጅ ስልክም ሰጠኋት። «ይመቻል?» አለችኝ። ይመቻል አልኳት፤ ውሃ ሲመጣ ግን ተነሺ።