ኮንደንሰር ወይስ ዳይናሚክ?

ደብረ ማርቆስ ላይ የመኪና ማደሪያዋን ክፍል ስቱዲዮ ልታደርጉ ነው እንበል። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ በሩ ብረት። ከሁለቱ የማይክ ዓይነቶች፣ ከኮንደንሰርና ከዳይናሚክ፣ የቱ ይሁን?

ኮንደንሰር ለማሲንቆ ግሩም ነው። ደጋኑ ጭራው ላይ ሲፋተግ የሚወጣውን ሻካራ ድምፅ ሳይቀር ይለቅማል። ችግሩ፣ የጎረቤት አውራ ዶሮና የባጃጅ ጡሩምባም አብረው ይገባሉ። ማይኩን ከኮምፒውተር ጋር ከሚያገናኘው ሳውንድ ካርድ 48 ቮልት ካላገኘ ደግሞ ብዙውን ጊዜ አይሠራም።

ዳይናሚክ ደረቅ ቢጤ ነው፤ ረቂቁን ድምፅ ይውጠዋል። ግን እንደ ሹር ኤስኤም58 ያለው ቢወድቅም ቻይ ነው። ድምፃዊው ጠጋ ብሎ ከዘፈነ የግቢው ጫጫታ ብዙም አይገባም።

እኔ በዳይናሚኩ እጀምራለሁ። በተረፈው ብር ወፍራም ብርድ ልብስ ገዝቼ በሩ ላይ እሰቅላለሁ። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ግን ሁለቱም ያው ናቸው። ቡና ይፈላል፣ እስኪያባራ ይጠበቃል።