«ሐበሻ» የሚለው ቃል በአንድ የስልክ መዝገበ ቃላት ሲፈተሽ

የቃላትን አመጣጥ እናሳያለን ከሚሉት የስልክ መተግበሪያዎች መካከል በክፍያ የሚያገለግለውን አንዱን «ሐበሻ» በሚለው ቃል ፈተንኩት። ቃሉን ሁላችንም ስለምንናገረው ስሕተቱን ለመለየት ያመቻል ብዬ ነው።

መተግበሪያው ቃሉ ከዓረብኛ የተወሰደ፣ ትርጉሙም «ድብልቅ ሕዝብ» ነው ብሎ በአንድ መስመር ይዘጋዋል። ማብራሪያው ከባዶ የተነሣ አይደለም፤ የዓረብኛው ሥርወ ቃል መሰብሰብን ያመለክታል፣ ከመካ ቁረይሾች ጋር ያበሩ የልዩ ልዩ ነገዶች ስብስብም «አሓቢሽ» ይባል ነበር። ሆኖም ስሙ እስልምና ከመነሣቱ አስቀድሞ ተጽፎ ይገኛል። በ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተቀረጹ የደቡብ ዓረቢያ የድንጋይ ጽሑፎች የአክሱምን ንጉሥ የ«ሐበሸት» ንጉሥ ይሉታል፤ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነገሠው ዒዛናም ይህንኑ ስም በማዕረጉ ውስጥ ሲያስገባ፣ የግሪክኛው ጽሑፍ በዚያው ቦታ «ኢትዮጵያውያን» ይላል። ስለዚህ ዓረብኛ ስሙን አሰራጨው ቢባል ያስኬዳል፤ ፈጠረው ማለት ግን አያስኬድም፤ «ድብልቅ» የሚለውም ፍች አንዱ መላምት ተብሎ መቅረብ ሲገባው እንደ ተረጋገጠ ነገር መቀመጡ ከፋይ ደንበኛን ያሳስታል።

በሰዋስው በኩልም ጉድለት አለበት። በዓረብኛ «አል-ሐበሻ» አገሩን፣ «ሐበሺ» ደግሞ ሰውየውን ሲጠራ (ቢላል «አል-ሐበሺ» የተባለው በዚሁ ነው)፣ እኛ «ሐበሻ» የምንለው ሰውን ነው፤ መተግበሪያው ይህን ልዩነት ጨርሶ አላነሣውም።

የቃሉን ጉዞ የሚያሳየው ገጽ ግን በእውነት የተደከመበት ነው። አውሮፓውያን «አቢሲኒያ» ያሉት ከዓረብኛው «ሐበሽ» ተነሥተው መሆኑን፣ ኦቶማኖችም በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በቀይ ባሕር ዳርቻ ያቋቋሙትን ግዛት «ሐበሽ» ማለታቸውን በቅደም ተከተል ይዘረዝራል። ከሁሉ የወደድኩት የህንዱን ክፍል ነው፤ በዚያ «ሀብሺ» የተባሉት ከአፍሪቃ ቀንድ የሄዱ ሰዎች እስከ ዙፋን መድረሳቸውን፣ ቤንጋልንም እ.ኤ.አ. ከ1487 እስከ 1493 መግዛታቸውን ይገልጻል። በባርነት ተሸጦ በዴካን የጦር መሪና እንደራሴ ለመሆን የበቃው፣ በ1626 ያረፈው ማሊክ አምባርም ሰፊ ቦታ ተሰጥቶታል።

ፍለጋው ፈጣን ነው፣ ፊደሉም ይነበባል፤ «ሀበሻ» ብሎ ለሚጽፍ ግን ውጤት አያወጣም፣ ይህም ለአማርኛ ተጠቃሚ ትንሽ ጉድለት አይደለም። ለጉዞው ገጽ ሲባል ለአንድ ወር መክፈል አይከፋም፤ የዓመቱን ክፍያ ግን የሥርወ ቃሉ ፍች ከነምንጩ ታርሞ እስኪወጣ ድረስ ማቆየት ይሻላል።