ካፍካ ወይስ ቡልጋኮቭ?

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ። መብራት ጠፍቷል። ጎረቤቴ መጽሐፍ ሊዋስ መጥቶ ሁለት አወጣሁለት፤ የካፍካን «ዘ ትራያል» እና የቡልጋኮቭን «ማስተር ኤንድ ማርጋሪታ»።

ሁለቱም ደራሲዎች እነዚህ ሥራዎቻቸው ሲታተሙ አላዩም። ካፍካ በ1924 እ.ኤ.አ. በ40 ዓመቱ በሳንባ ነቀርሳ ሞተ። ጽሑፎቹን እንዲያቃጥልለት ወዳጁን ማክስ ብሮድን ለምኖት ነበር። ብሮድ እምቢ ብሎ «ዘ ትራያል»ን በዓመቱ አሳተመው። ደግ አደረገ!

ቡልጋኮቭ ግን እሳቱን የለኮሰው ራሱ ነው። በ1930 ረቂቁን ምድጃ ውስጥ ከተተው፣ ከዚያ እንደ አዲስ ጻፈው። በ1940 ሲሞት ሚስቱ ዬሌና አቆየችው። መታተም የጀመረው በ1966 ነው፣ ያውም ሳንሱር ቆራርጦት።

ካፍካ አጠር ይላል፣ ግን ልብ ያደርቃል። ዮሴፍ ኬ. አንድ ቀን ጠዋት ይታሰራል፤ ክሱ ምን እንደሆነ እስከ መጨረሻው አይነገረውም። ደጅ የጠና ሰው ወዲያው ይገባዋል። ቡልጋኮቭ ግን ያስቃል። መጽሐፉ ውስጥ ያለው ድመት ትራም ላይ ሊሳፈር ሲል ሳንቲሙን ዘርግቶ ሂሳብ ሊከፍል ይሞክራል!

«ማርጋሪታን ውሰድ» አልኩት።

ካፍካን ይዞ ወረደ። ጠዋት የቤት ካርታ ሊጠይቅ ይሄዳል፣ ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ እንጃ። ወረፋ ላይ ያነበዋል።