ስለ ቅልጥም ሄደን ስለ ወር አበባ የተጠየቅንበት ክሊኒክ

ደሴ፣ ፒያሳ አካባቢ ፎቅ ላይ ወዳለ አንድ የስፖርት ጉዳት ሕክምና የሚሰጥ የግል ክሊኒክ፣ የእህቴን ልጅ ይዤ ሁለት ወር ያህል ስመላለስ ቆይቻለሁ። ልጅቱ የ19 ዓመት የረጅም ርቀት ሯጭ ናት። የቀኝ ቅልጥሟ ሕመም በመጀመሪያ ከሩጫ በኋላ ብቻ ነበር፤ ቀጥሎ ስትራመድ፣ በመጨረሻም ተኝታ ሳለች ያማት ጀመር። ከዚያ በፊት ሌላ ቦታ ወስደናት ራጅ ተነሥታ «ምንም የለባትም» ተብለን፣ የካልሲየም እንክብልና ማስታገሻ ይዘን ተመልሰን ነበር።

የክሊኒኩ ሐኪም ያንን ራጅ አይታ አላጣጣለችውም። በተደጋጋሚ ጫና የሚመጣ የአጥንት ስንጥቅ በመጀመሪያዎቹ ከ2 እስከ 3 ሳምንታት ብዙውን ጊዜ በራጅ እንደማይታይ ነገረችን፤ አዲሱ ራጅም ስንጥቁን አሳየ። አዲሱን ራጅ ከማዘዟ በፊት ግን «የወር አበባሽ ለመጨረሻ ጊዜ የመጣው መቼ ነው?» ብላ ጠየቀቻት። ልጅቱ እኔን አየችኝ፤ እኔም ዝም አልኩ። ሰባት ወር ሆኖት ኖሯል። በሯጮች ዘንድ ልምምድ ሲጠነክር መቅረቱ እንደ ወግ ስለሚቆጠር ለማንም አልተናገረችም። ሐኪሟም «አብሽሪ፣ ይስተካከላል፤ ግን እንደ ቀላል አታይው» አለቻት።

ለዚህ አገልግሎት ከፍተኛ ምስጋና የምሰጠው ከዚያ በኋላ ስለተደረገልን ማብራሪያ ነው። አጥንት ዕድሜ ልኩን እየፈረሰ የሚታደስ ሕንጻ ነው፤ ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ደግሞ አፍራሾቹን ሴሎች ከልክ እንዳያልፉ ይገታቸዋል። አንዲት ሯጭ የምትበላው ከምታቃጥለው ሲያንስ፣ አንጎል ጉልበት ለመቆጠብ ለእንቁላል ማምረቻው የሚልከውን ትእዛዝ ይቀንሳል፤ ኤስትሮጅን ይወርዳል፣ ወር አበባ ይቀራል፣ አፍራሾቹም ያለ ተቆጣጣሪ ይቀራሉ። በረሃብ ጊዜ ሌሎች አጥንት ገንቢ ሆርሞኖችም ስለሚቀንሱ ጉዳቱ በሁለት በኩል ነው። ሩጫ አጥንት ያጠነክራል የሚለው እውነት ቢሆንም፣ ጥንካሬው የሆርሞኑን መጓደል እንደማይሸፍን ያወቅሁት ያን ዕለት ነው። ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ በ2014 (እ.ኤ.አ.) ለዚህ ችግር በስፖርት ውስጥ የሚከሰት አንጻራዊ የኃይል እጥረት የሚል ስያሜ ሰጥቶታል፤ ወንዶችንም እንደሚነካ ተገልጿል። በወጣቶች ላይ ከባድ የሚያደርገው ደግሞ፣ ከአጥንት ክምችት አብዛኛው የሚሞላው እስከ ሃያዎቹ መጀመሪያ ባለው ዕድሜ፣ ማለትም ልጆቻችን አብዝተው በሚሮጡበት ጊዜ መሆኑ ነው።

የደም ምርመራው እርግዝናን፣ የእንቅርት ሆርሞንንና ፕሮላክቲንን (ጡት ወተት እንዲያመርት የሚያደርገውን ሆርሞን) ጨምሮ ሌሎች ምክንያቶችን ለመለየት የታዘዘ ነበር። ካርዱንና ምርመራውን ደምረን የከፈልነው የአንድ ደህና መሮጫ ጫማ ግማሽ ዋጋ አይሞላም። እኔ ወር አበባ የሚያመጣ የወሊድ መከላከያ እንክብል ይሰጣት ብዬ ነበር፤ ሐኪሟ እንክብሉ የሚያመጣው ደም የተፈጥሮው ዑደት መመለሱን እንደማያሳይ፣ እንዲያውም ችግሩን ሸፍኖ እንደሚያቆይና ለአጥንቷ እንደማይጠቅም አስረድታ እምቢ አለች። መድኃኒቱ ምግብና እረፍት ነው አለችን። ነጋዴ ቢሆኑ ኖሮ እንክብሉን ይሸጡልን ነበር።

ቅሬታዬ ሁለት ነው። አንደኛው የሥነ ምግብ ወረቀታቸው ነው፤ በየገጹ ወተትና እንቁላል ያዛል፤ ልጅቱ ግን ጿሚ ናት፤ በጾም ቀን ምን ትብላ ስንል ባለሙያው ለጊዜው መልስ አልነበረውም። በሁለተኛው ቀጠሮ ከልምምድ በፊት በሶ፣ ከልምምድ በኋላ ወዲያው ቆሎና ሙዝ፣ በእንጀራው ላይ የሽሮና የሰሊጥ ወጥ እየጨመርን፣ የጾሙን ሰዓት ርዝመትም ከነፍስ አባቷ ጋር ተነጋግረን አስተካከልነው። ሁለተኛው፣ ይህን ሁሉ የሚጠይቁት በእንግዳ መቀበያው በኩል ባለው ክፍል በር ተከፍቶ ነው፤ ወንዶች ወረፋ ይዘው በተቀመጡበት ስለ ወር አበባ መመለስ ለአንዲት ልጅ ቀላል አይደለም።

የአጥንት ጥግግት መለኪያ መሣሪያ የላቸውም፤ ላስፈለጋት አዲስ አበባ ይልካሉ።

ዛሬ ሕመሙ ጠፍቷል፤ ሩጫዋ ገና በዝግታ ነው፤ ወር አበባዋ ግን አልተመለሰም። ወራት ሊፈጅ እንደሚችልና የአጥንቱ ማገገም ከዚያም እንደሚዘገይ ቀድመው ስላስጠነቀቁን አልደነገጥንም። ለምትሄዱ ሰዎች፦ ጠዋት ሂዱ፤ ወር አበባ የመጣባቸውን ቀኖችም በስልክ ጽፋችሁ ያዙ። እኛ ቀኖቹን ከተወዳደረችባቸው ውድድሮች ጋር እያያያዝን ስንቆጥር ግማሽ ሰዓት ፈጅተናል።