የሁለቱ ስንጥቆች ሙከራ በጠረጴዛ ላይ፦ ዕቃው ጥሩ፣ መምሪያው እርማት የሚሻ

ለአሥራ ሦስት ዓመት ልጄ የገዛሁት የሙከራ ሳጥን ቀይ ሌዘር፣ በ0.25 ሚሊ ሜትር የተራራቁ ሁለት ቀጫጭን ስንጥቆች ያሉበት ስላይድ፣ የፕላስቲክ መቆሚያና አነስተኛ መምሪያ ይዟል። ብርሃን ሞገድ መሆኑን ቤታችሁ ድረስ አመጣላችኋለሁ ለሚል ዕቃ የመጀመሪያው ጥያቄ በእርግጥ ያሳያል ወይ የሚል ነው፤ ያሳያል።

መስኮቱን በጋቢ ጋርደን፣ ስላይዱን ከግድግዳው ሁለት ሜትር አርቀን ሌዘሩን ስናበራ፣ ሁለት ነጥብ ስንጠብቅ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደሩ ቀይና ጥቁር መስመሮች ታዩን። ከስንጥቆቹ የወጡት ሞገዶች ጉብታ ከጉብታ ሲገጥም ብርሃኑ ይደምቃል፤ ጉብታ ከጎድጓዳ ሲገጥም ይጠፋፋሉ። ልጄ በማስመሪያ ስትለካ አሥሩ ክፍተቶች 51 ሚሊ ሜትር ሆኑ። የአንዱን ክፍተት ስፋት በስንጥቆቹ ርቀት አባዝታ ለግድግዳው ርቀት ስታካፍል የሞገዱ ርዝመት 638 ናኖሜትር ገደማ ወጣላት፤ ሌዘሩ ላይ የተጻፈው 650 ነው። ከሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ የሚያንስ ነገር በትምህርት ቤት ማስመሪያ ይህን ያህል ተቀርቦ መለካቱ ብቻውን የሳጥኑን ዋጋ ያወጣል።

መቆሚያው ግን ደካማ ስለሆነ ሌዘሩን በልብስ መቆንጠጫ አስረን ነው የሠራነው። ዓይን ላይ እንዳይበራ የሚያሳስበው ማስጠንቀቂያም ክዳኑ ላይ መታተም ሲገባው የመጨረሻው ገጽ ላይ ተደብቋል።

ቅሬታዬ የሚበረታው በመምሪያው ላይ ነው። ቶማስ ያንግ የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም የእኛኑ ዓይነት ስላይድ ይዞ የቆመ አስመስሎ ያቀርበዋል። ያንግ ግን እ.ኤ.አ. በ1803 ለእንግሊዝ የሳይንስ ማኅበር ለሮያል ሶሳይቲ ባቀረበው ሙከራ በጠባብ ቀዳዳ የገባን የፀሐይ ጨረር በቀጭን የካርድ ቁራጭ ጠርዝ ለሁለት ከፍሎ ነበር፤ በካርዱ በአንዱ በኩል የሚያልፈውን ብርሃን ሲጋርደው መስመሮቹ ጠፉ። አዘጋጆቹ ይህን ቢያውቁ ኖሮ ያለ ተጨማሪ ወጪ ሌላ ሙከራ በሰጡን ነበር፤ ልጄ ከራሷ ላይ አንድ ዘለላ ፀጉር ነቅላ ሌዘሩ ፊት ስትወጥረው ተመሳሳይ መስመሮች ግድግዳው ላይ ወጥተዋልና።

በሁለት መንገድ ሲያልፍ እንደ ብርሃን መስመሮችን ስለሚሠራው ስለ ኤሌክትሮን፣ ማለትም በአቶም ውስጥ ስላለው ደቃቅ ቅንጣት፣ የሚያወራው ምዕራፍ ደግሞ ይባስ ብሎ «ኤሌክትሮኑ እየታየ መሆኑን ያውቃል» ይላል። ልጄ ይህን እንዳነበበች ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ «አባዬ፣ አሁን መስመሮቹ ተቀየሩ?» አለችኝ። እንደ መምሪያው ከሆነ ጥያቄዋ ትክክል ነው። እውነቱ ግን ኤሌክትሮኑ በየትኛው ስንጥቅ እንዳለፈ ለመመዝገብ የሚነካው ነገር ያስፈልጋል፤ ያ ንክኪ አሻራ ትቶ ካለፈ ማንም ሰው ባያይም መስመሮቹ ይጠፋሉ። እ.ኤ.አ. በ1989 ጃፓናዊው የፊዚክስ ሊቅ አኪራ ቶኖሙራና ባልደረቦቹ ኤሌክትሮኖችን አንድ በአንድ ሲለቁ በመጀመሪያ የታየው እዚህም እዚያም የተበተነ ነጥብ ነበር፤ ነጥቦቹ ወደ 70,000 ሲደርሱ መስመሮቹ ቁልጭ ብለው ወጡ። ይህን ለመናገር «ያውቃል» የሚል ቃል አያስፈልግም ነበር።

በዚያ ገጽ ላይ ወረቀት ለጥፌ የራሴን ማብራሪያ ጽፌበታለሁ። ሣጥኑን ግን ከአሥራ ሁለት ዓመት በላይ ልጅ ላለው ሁሉ፣ ወላጅ አብሮ እስከተቀመጠ ድረስ፣ እመክራለሁ። ባትሪ ድንጋዩ ለብቻ ይገዛል።