ማክሲማን ተርሚናል ላይ ስጠቀም የወደድኩትና ያናደደኝ

ማቲማቲካ የሚባለው የሒሳብ ሶፍትዌር ላይሰንሱ ዋጋው አይቀመስም። በፍላሽ እየተቀባበልን የምንጭነው ክራክ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከነቫይረሱ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ኢንቲግራልና ማትሪክስ ሲበዛብኝ የምከፍተው ማክሲማ የሚባለውን የሒሳብ ሶፍትዌር ነው፤ ቁጥር ብቻ ሳይሆን ኤክስና ዋይ ያለበትንም ሒሳብ ይሠራል። ነፃ ነው፣ ሊኑክስም ዊንዶውስም ላይ ይሠራል፣ አንዴ ከተጫነ ኢንተርኔት አይፈልግም፣ አሮጌ ላፕቶፕም አያስጨንቅም። ተርሚናል ላይ (ትዕዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት መስኮት ላይ) ስትከፍቱት ግን የሚያምር ነገር አትጠብቁ። ስለ ቨርዥኑና ስለ ላይሰንሱ የሚያወሩ ጥቂት መስመሮች ይመጣሉ፣ ከዚያ ቁጥር የተሰጠው ባዶ መስመር። በቃ፣ ጻፉ ነው።

እድሜው ያሳብቅበታል። ዘሩ ሲቆጠር በፈረንጆቹ 1968 ኤምአይቲ ውስጥ ከተጀመረ ፕሮጀክት ይደርሳል። በኋላ የአሜሪካ ኢነርጂ መሥሪያ ቤት እጅ የነበረውን ቅጂ ዊልያም ሼልተር የሚባል ምሁር ከ1982 ጀምሮ ሲንከባከበው ቆየ፣ በ1998 ደግሞ ኮዱን በጂፒኤል ላይሰንስ ለሁሉም ክፍት ለማድረግ ፈቃድ አገኘ። 2001 ላይ ሼልተር ሲሞት ሌሎች ተረከቡት። የተጻፈው ሊስፕ በሚባል የቆየ የፕሮግራም ቋንቋ ነው፣ ዛሬም ድረስ።

መጀመሪያ ደስ የሚለው ቁጥር አለማበላሸቱ ነው። አንድ ሦስተኛና አንድ ስድስተኛ ደምር ብትሉት ግማሽ ይላችኋል፣ በክፍልፋይ፣ ዴሲማል ውስጥ አይገባም። የ2 ስኩዌር ሩት እንዳለ ይቀመጣል፤ በዴሲማል ከፈለጋችሁት «ፍሎት» ብላችሁ መጠየቅ የእናንተ ፈንታ ነው። የ100 ፋክቶሪያልን ስትጠይቁ 158ቱንም አሃዝ ዘርግፎ ያሳያል። ካልኩሌተር ላይ አሥር አሃዝ አይቶ ለለመደ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ከሁሉም የምወድለት ግን ጠያቂነቱ ነው። ኤክስን በኤን ፓወር አድርጋችሁ ኢንቲግሬት አድርግልኝ በሉት። መልሱን ከመስጠቱ በፊት «ኤን ኔጌቲቭ አንድ ነው ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። አዎ ካላችሁት ሎጋሪዝም ይሰጣችኋል፣ አይደለም ካላችሁት የታወቀውን ፎርሙላ። ፈተና ላይ ስንቶቻችን ነን ይህችን ልዩ ሁኔታ ዘልለን የምናልፈው? ሳይጠየቅ አንድ መልስ መርጦ ከሚወረውር ሶፍትዌር ይልቅ እንዲህ አፋጦ የሚይዘኝን እመርጣለሁ።

ይኸው ጠባይ ፕሮግራም ስትጽፉበት ጨጓራ ይልጣል። ፋይል ጽፋችሁ፣ ሉፕ ከፍታችሁ፣ ይጨርስ ብላችሁ ቡና ልትጠጡ ብትሄዱ፣ ስትመለሱ መሀል ላይ «ይህ ፖዘቲቭ ነው ኔጌቲቭ?» ብሎ ቆሞ ታገኙታላችሁ። መፍትሔው «አሱም» በሚለው ትዕዛዝ ኤን ከዜሮ ይበልጣል ብሎ ቀድሞ መንገር ነው። ግን ያ የነገራችሁት ነገር «ፎርጌት» እስክትሉት ድረስ እዚያው ይቆያል፣ ሌላ ጥያቄ ውስጥ ሳታስቡት ገብቶ መልሱን ይነካዋል።

ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ለለመዳችሁ ደግሞ አንድ ወጥመድ አለ። ለቫሪያብል ዋጋ የሚሰጠው በ: ነው እንጂ በ= አይደለም። የእኩል ምልክት ካስገባችሁ እኩልታ የጻፋችሁ ይመስለዋል፣ ኤረርም አያወጣም፣ ቫሪያብሉ ባዶውን ይቀራል። ፋንክሽን የሚሠራው በ:= ነው። መስመር የሚዘጋው በ; ነው፤ መልሱን አታሳየኝ ለማለት በ$ ትዘጋላችሁ። ሁለቱንም ረስታችሁ ኢንተር ብትጫኑ ምንም አይልም። ዝም ብሎ ይጠብቃል፣ ኮምፒውተሩ የቆመ ነው የሚመስለው። ማትሪክስ ስታባዙም ተጠንቀቁ፤ በ* ካባዛችሁ ቁጥር በቁጥር ነው የሚያባዛው፣ ትክክለኛው የማትሪክስ ብዜት በነጥብ ነው። ፋንክሽን ውስጥ የምትጠቀሙበትን ቫሪያብል ደግሞ «ብሎክ» ውስጥ ካላስመዘገባችሁት ወደ ውጭ ይፈሳል፣ ከዚያ የት እንደተበላሸ መፈለግ ነው።

ማቅለል ላይ ያለው ጠባይ ብዙ ሰው ያስኮርፋል። የሳይን ስኩዌርና የኮሳይን ስኩዌር ድምር አንድ መሆኑን ማንም ያውቃል፣ ማክሲማም ያውቃል፣ ግን «ትሪግሲምፕ» ካላላችሁት አይነግራችሁም። ለክፍልፋይ «ራትሲምፕ»፣ ለሩትና ለሎጋሪዝም «ራድካን»፤ የትኛው የት እንደሚያስፈልግ የመምረጡ ሥራ የእናንተ ነው። እኔ በበኩሌ ይህን አልጠላውም። ምን ዓይነት ማቅለል እንደምፈልግ ካላወቅኩ ምን እየሠራሁ ነው? ሒሳቡን ገና እየተማረ ያለ ሰው ግን ይቸገራል፣ በዚያ ላይ ማክሲማ እንደ አስተማሪ ደረጃ በደረጃ አያሳይም፣ መልሱን ብቻ ነው የሚያስቀምጠው።

መልሶቹም አንዳንዴ ዓይን ይፈልጋሉ። አንድ ሲካፈል ለኤክስን ኢንቲግሬት ብታስደርጉት አብሶሉት ቫልዩ የሌለበት ሎግ ነው የሚሰጣችሁ (ሎግ ሲል ናቹራል ሎግ ማለቱ ነው)። እንዳለ ገልብጣችሁ ካስረከባችሁ ነጥብ ያስቀንሳል። ሳይን ኤክስ እኩል ግማሽ የሚለውን ስታስፈቱት ደግሞ ፓይ ሲካፈል ለ6 ብቻ ይሰጥና ሌሎች መልሶች ሊቀሩ እንደሚችሉ ያስጠነቅቃል። ቢያንስ አይደብቅም።

መልኩን በተመለከተ፣ ክፍልፋዩን በሰረዝ ይስለዋል፣ ፓወሩን ከላይ ባለው መስመር ያስቀምጠዋል። አጭር ሲሆን ያምራል። ረጅም ፖሊኖሚያል ሲመጣ ስክሪኑ አይበቃውም፣ እየተቆራረጠ ይወርዳል፣ ኮፒ ማድረግም አይታሰብም። የሁለት አቅጣጫ አጻጻፉን የሚያጠፋ ቅንብር ስላለ መጀመሪያ እሱን አጥፉት፣ ሁሉም በአንድ መስመር ይወጣላችኋል። ቴሲስ ለምትጽፉ «ቴክ» የሚለው ትዕዛዝ ውጤቱን ወደ ላቴክ (ፎርሙላ ያለበት ጽሑፍ ወደሚዘጋጅበት ሥርዓት) ይገለብጥላችኋል፤ ይህ ብቻውን ስንት ሰዓት እንደሚያድን የረጅም እኩልታ ቅንፍ ሲቆጥር ያመሸ ሰው ያውቀዋል።

ተርሚናል የሚያስፈራችሁ ከሆነ ደብሊውኤክስ ማክሲማ የሚባል መስኮትና በተን ያለው ገጽታ አለው፣ ፎርሙላውንም እንደ መጽሐፍ አሳምሮ ያሳያል። ሴጅማዝ የሚባለውን ሌላ የሒሳብ ሶፍትዌር የምትጠቀሙም ብትሆኑ ካልኩለሱን ከጀርባ በብዛት የሚሠራላችሁ ይኸው ማክሲማ ነው። አንድ ትዕዛዝ ሲጠፋባችሁ የጥያቄ ምልክት፣ ክፍት ቦታ፣ ከዚያ የትዕዛዙን ስም ጻፉ፤ ማኑዋሉ እዚያው ውስጥ ስለሆነ ኔትወርክ ባይኖርም ይከፈታል።