ጓሳ ዳር ቤት ላላችሁ ሁሉ፦ እነዚህን ሰዎች እወቋቸው

የእናቴ ቤት መንዝ ጌራ፣ ጓሳ ከሚባለው የጋራ ሣር መሬታችን አፋፍ ላይ ነው። ዛሬም ቆሞ ያለው በበጎ ፈቃደኞቹ የእሳት ቡድን ጉልበት ነውና ምስጋናዬን በአደባባይ ላድርስ። ደመወዝ የላቸውም። የደንብ ልብስ የላቸውም። መኪናማ አይታሰብም። ሥራቸውን ግን አሳምረው ያውቁታል። ዝም ብሎ ግር ብሎ የሚሮጥ ሰው ይመስሉኝ ነበር፤ አይደሉም።

ዘንድሮ በልጉ ቀርቶ ሣሩ ክው ብሎ ደርቋል። ማሳ ለማጽዳት የተለኮሰ እሳት አመለጠና ወደ ጓሳው ገባ። የእድሩ ጥሩምባ ተነፋ። ለቀብር የሚነፋው ያው ጥሩምባ ነው፤ ለእሳት ሲሆን ግን ነፊው አያቋርጥም፣ ሰው በዚያ ይለየዋል። እናቴ ስትደውልልኝ ደብረ ብርሃን ነበርኩ። የእሳት አደጋ መኪና ፍለጋ ያልደወልኩበት የለም። "ጥገና ላይ ነው" ተባልኩ። ቢመጣም እዚያ ገደል አፋፍ ድረስ በምን መንገድ ይገባል? እኔ ስደርስ እነሱ ሥራውን አጋምሰውታል።

ያየሁትን ልንገራችሁ። እሳቱን ፊት ለፊት አይገጥሙትም። እሳት ዳገት ካገኘ ሽቅብ ይሮጣል፤ ነበልባሉ ከበላዩ ያለውን ሣር እያሞቀና እያደረቀ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ከእሳቱ በላይ ማንም አይቆምም። አንድ ጎረምሳ በስልኩ ሊቀርጽ ወደ ላይ ሲወጣ መሪያቸው "አንተ ልጅ፣ ውረድ! እናትህን ልታስለቅስ ነው?" ብለው ጮኹበት። ሽምቅቅ ብሎ ወረደ።

የሚጀምሩት ከተቃጠለው በኩል፣ ከጎን ነው። እርጥብ የአስታ ቁጥቋጦ ቅርንጫፍ ይዘው ጠርዝ ጠርዙን ይመቱታል። አመታቱም ወግ አለው። ቅርንጫፉን ሽቅብ የሚያወናጭፍ ሰው ፍም ይበትናል፣ ሌላ እሳት ያስነሳል። ዝቅ አድርጎ ጫን፣ ከዚያ ወደ ተቃጠለው መጥረግ። ሌሎቹ ደግሞ ራቅ ብለው በማጭድና በዶማ ሣሩን እየነቀሉ አፈሩ እስኪታይ መስመር ያወጣሉ። ሴቶቹ ከምንጭ በጀሪካን ውሃ ያመላልሳሉ፤ ውሃው ግን ለመጠጥ፣ ለበሶ ማራሻና ቅርንጫፍ ለመንከር ነው። እሳቱ ላይ የሚደፋ ውሃ እዚያ ከፍታ ላይ ከየት ይመጣል?

ማታ ነፋሱ ሲበርድና ውርጩ ሲወርድ እሳቱ ይደክማል። ጠላ ፍለጋ የሚኬደው ያኔ ይመስላችኋል። እነሱ ግን ሌሊቱን ሙሉ እዚያው አደሩ። የጓሳ ሣር ሥሩ ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ ላዩ ጠፍቶ ውስጡ ይጨሳል። መሪያቸው በመዳፋቸው ጀርባ እያንዳንዱን ጉጥ እየዳሰሱ ሲሄዱ አየሁ። ትኩስ ያገኙበትን በዶማ ገልብጠው አፈር ያለብሱታል። እሳት የሚያገረሸው በማግስቱ ከሰዓት ነፋሱ ሲነሳ መሆኑን ያውቃሉ።

ጓሳው ምን ማለት እንደሆነ ለማታውቁ፦ ወደ 100 ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚጠጋ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር ከፍ ያለ የጋራ መሬት ነው። ቤታችን የሚከደነው በሣሩ ነው፣ ገመዱም ከሱ ነው፣ እረኛ ዝናብ የሚከላከልበት ገሳም ከሱ ነው። አባቶቻችን ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባለው የጋራ መሬት አጠባበቅ ሥርዓት ለዓመታት እየዘጉ፣ ተስማምተው እየከፈቱ ጠብቀውታል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ያንን ሥርዓት አፈረሰው፤ ሕዝቡ ግን በራሱ ደንብ መልሶ አቆመው። ጭላዳው እዚያ ነው። ቀይ ቀበሮውም የሚኖረው ሣሩ ውስጥ ያሉትን አይጦች እያደነ ነው፤ በዓለም ላይ የቀረው አዋቂ ቀይ ቀበሮ ደግሞ ከ500 እንደማያልፍ ይገመታል። ሣሩ ነደደ ማለት አይጡም ቀበሮውም ሄደ ማለት ነው። የእሳት ቡድኑ ልጆች ይህን ሳይንስ ብለው አያወሩትም፤ "ማጀታችን ነው" ይላሉ።

አሁን ወደ ጥቆማዬ። ጓሳ ዳር፣ ወፍ ዋሻ ደን ዳር፣ በአንኮበርም ይሁን በጣርማ በር በኩል ዘመድ ያላችሁ፣ በየቀበሌው እንዲህ ያለ ቡድን መኖሩን ጠይቁ። ካለ የአንዱን አባል ስልክ አሁኑኑ ያዙ። ከሌለ የእኛዎቹ መጥተው ያሳያሉ፤ የሚጠይቁት ምሳ ብቻ ነው። ደግሞ ታኅሣሥ ሳይገባ ቤታችሁን አሳዩአቸው። እናቴን "እማማ፣ ይሄ የገለባ ክምር ከቤቱ ይራቅ" ሲሏት ተቆጥታ ነበር። ዞር አድርገውላት ሄዱ። እሳቱ ሲመጣ ክምሩ ነደደ፣ ቤቱ ተረፈ። አሁን እሷ ናት የሰፈሩን ክምር ሁሉ እየዞረች የምትቆጣጠረው። አላስቀምጥ ብላለች።

ገንዘብ ልስጥ ብዬ እምቢ ብለውኛል፣ እናንተም አትልፉ። ዕቃ ግን ይቀበላሉ። የቆዳ ጓንት፣ የግንባር ባትሪ፣ አካፋና ዶማ ያስፈልጋቸዋል። ጫማ ለመላክ ያሰባችሁ ካላችሁ ወፍራም የቆዳ ቦቲ ይሁን፤ የጎማ ቦት አትላኩ፣ ፍም ላይ ይቀልጣል።